የግዙፉ ሰው ጥሩር

ሞላሌ ላይ ፎቶ ቤት የከፈትኩት መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ሙያውን ያስተማረኝ ደብረ ብርሃን ፎቶ ቤት የነበረው አጎቴ ነበር። ሲያርፍ ካሜራውንና ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውን ለእኔ ተወልኝ። በዚያን ጊዜ በመንዝ ሴት ፎቶ አንሺ ብርቅ ነበረች። በገበያ ቀን ሰዉ ደጃፌ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ ያጮልቅና «ባለቤትሽ የለም እንዴ? ፎቶ ልንነሳ ነበር» ይለኛል።

«ባለቤቴ ገብስ እያጨደ ነው። ፎቶ የማነሳው እኔ ነኝ፤ ግቡ» እላለሁ።

አንዴ ከገቡ ነገሩ ያልቃል፤ ሥራዬን አውቅ ነበርና። ብርሃን በሰው ፊት ላይ ከየት በኩል ቢያርፍ እንደሚያምር፣ የጎበጠ ትከሻ በምን ዘዴ እንደሚቀና፣ አጭር ሙሽራ ከረጅም ሚስቱ ጎን እንዴት እንደሚቆም አጎቴ አስተምሮኝ ነበር። ያልነገረኝን ደግሞ ፊልም አበላሽቼ ተምሬዋለሁ።

አንድ የገበያ ቀን ገበዙ መጡ። ከሞላሌ ወጣ ብሎ ያለ የአንድ ደብር ካህን ሲሆኑ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ። ጥምጥማቸው ላይ ጤዛ አለ። ወንበር ብሰጣቸውም አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ ብረት ታነሻለሽ?» አሉኝ።

«ምን ዓይነት ብረት፣ አባ?»

«የጦር ልብስ ነው። ጥሩር፣ የራስ ቁር፣ ጋሻ፣ ጦር።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ካነሳሁት ብረት ሁሉ ትልቁ የአንድ ነጋዴ የጭነት መኪና ነበር። «አነሳለሁ» አልኳቸው።

ነገሩን አብራሩልኝ። ዕቃው በጥንት ዘመን አንድ የአገሩ ጦረኛ ከዘመቻ ሲመለስ ለታቦቱ በስለት የሰጠው ነው። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ቤት ውስጥ በጨለማ ተቀምጦ ጠፍሩን አይጥ በልቶታል። አሁን ምእመናኑ ድንጋይ ተሸክመው፣ ጭቃ ረግጠው፣ በግቢው ውስጥ ትንሽ ቤተ መዘክር ሠርተውለታል። በዚያ ላይ በእነዚያ ዓመታት የቅርስ ሌባ በዝቶ ነበር። ዛሬ ከዚህ ደብር የብር መስቀል፣ ነገ ከዚያ ገዳም የብራና መጽሐፍ ጠፋ ይባላል።

«በግ ሲጠፋ በጆሮው ምልክት ይፈለጋል» አሉ ገበዙ። «ጋሻ ሲጠፋ ምን ብለን እንፈልግ? ጥቁር ነው፣ ክብ ነው እንበል? መልኩን ያዥልን።»

በቀጠሯችን ቀን ውርጭ ወርዶ ሜዳው ነጭ ሆኖ ነበር። ካሜራዬን ደረቴ ላይ አስሬ፣ ማቆሚያውን በቅሎ ላይ ጭኜ ወጣሁ። ደብሩ ስደርስ ፀሐይዋ ከጥዶቹ በላይ ብቅ ብላለች። ቤተ መዘክሩ አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ በምሥራቅና በደቡብ መስኮት አለው፣ ግድግዳው ገና ኖራ ኖራ ይሸታል። ከተረፈው አዲስ ቆርቆሮ ጥቂቱ ውጭ ተደግፏል።

በሩ ላይ የተቀበሉኝ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የሰበካ ጉባኤው አባል ናቸው፤ ዕቃውን የሰጠው ጦረኛ ደግሞ ቅድመ አያታቸው ነው። እኔ ረጅም ሴት አይደለሁም። ከእሳቸው ጋር ግን ዓይን ለዓይን እኩል ተያየን። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ሰላምታው ሳያልቅ ስለ ቅድመ አያታቸው ጀመሩ።

«ሲነሳ ራሱ የጎጆውን ጣራ ይነካ ነበር። የጋለበው በቅሎ ሁሉ ወገቡ ይሰበር ነበር። ኮርማ በቀንዱ ይዞ በአንድ እጁ ያቆማል። እንግዲህ የእሱን ልብስ ነው የምታነሺው፣ እወቂው።»

«አውቄዋለሁ፣ አባባ» አልኳቸው።

ገበዙ መጀመሪያ አንድ ነገር አስታወቁኝ። ዕቃው ለታቦት የተሰጠ በመሆኑ እኔ እንድነካው አልፈለጉም። «እኔ አነሳለሁ፣ እኔ አስቀምጣለሁ። አንቺ እዘዥኝ» አሉ። ተስማማሁ። አንድ ካህን ረፋዱን ሙሉ «ወደ ግራ፣ አባ፤ ትንሽ ቀና፤ አይ፣ በዛ» እየተባሉ ጋሻ ሲያዞሩ መቆየታቸው ለተመልካቹ ሳያስቅ አልቀረም። እሳቸው ግን ቅዳሴ ላይ እንደሚያገለግሉ ሁሉ በጥንቃቄ ነበር የሚሠሩት።

ለጀርባ መጋረጃ ነጭ ጋቢ ዘርግተው ጠብቀውኝ ነበር። «ነጭ ያምራል» አሉ ሽማግሌው።

«ለሙሽራ ያምራል፣ አባባ። ከጋሻ ኋላ ነጭ ከሆነ ካሜራው በነጩ ይታለልና ጋሻው ጥላ ሆኖ ይቀራል። የበግ ጠጉር ባና አምጡልኝ። ጥቁሩን ሳይሆን ዳለቻውን።»

ባና በመንዝ አይጠፋም፤ ከጎረቤት ቤት መጣ። የካሜራዬን ብልጭታ መብራትም ቦርሳው ውስጥ ተውኩት። ብረት ላይ ሲያርፍ እንደ መስተዋት መልሶ ስለሚተፋው የሚታየው ነጭ ነጥብ ብቻ ይሆናል። የምሥራቁን መስኮት ከፍቼ፣ ከተደገፈው ቆርቆሮ አንዱን አስገብቼ፣ የመስኮቱ ብርሃን ከቆርቆሮው ነጥሮ ጥላው በኩል እንዲያርፍ አደረግሁ። ገበዙ ወደ ጋሻው ጎንበስ ብለው አዩና «እዚህ ጋ የጦር ምልክት አለ! ስንት ዓመት ስይዘው አላየሁትም» አሉ። እውነትም ጋሻው በተሠራበት የጎሽ ቆዳ ላይ ጠባሳ ነበር፤ ብርሃኑ በጎን ሲመጣ እንደ ሰው ፊት ሽብሽቡ ሁሉ ወጣ። ደስ አለኝ። ጋሻዎቹን፣ ጦሮቹን፣ የራስ ቁሩን አንድ በአንድ ጨረስኩ።

ጥሩሩ ላይ ስንደርስ ሥራው ቆመ።

ጥሩር በትናንሽ የብረት ቀለበቶች ተያይዞ የተሠራ እጀ ጠባብ ነው። ሰው ሲለብሰው ልብስ ነው፤ ሲያወልቀው ግን መልክ የለውም። ገበዙ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት እንደ ረጠበ ሹራብ ዝልፍልፍ ብሎ ተከመረ። ዘረጋነው፤ የዓሣ መረብ መሰለ። በተመሳቀለ እንጨት ላይ ሰቀልነው፤ በክብደቱ ወደ ታች ተጎትቶ ቀጥኖና ረዝሞ ተንጠለጠለ። ሽማግሌው ይኼኛውን ወደዱት።

«ይኼው! ቁመቱን እዩት! እንዲህ አንሺው።»

«ይኼ የእንጨቱ ቁመት ነው፣ አባባ። ልብስ ሰው ካልገባበት ልኩ አይታወቅም። የሚለብሰው ሰው ያስፈልገኛል።»

ገበዙ ጥቂት አሰቡ። ንዋየ ቅድሳት አለመሆኑን፣ የጦር ልብስ መሆኑን ለራሳቸው ካስረዱ በኋላ ፈቀዱ። ወዲያው ሁሉም የደብሩን ዘበኛ ዞረው አዩት። ዘበኛው ከበሩ መቃን ጋር የሚተካከል፣ ትከሻው የሰፋ ጎልማሳ ነው። የግዙፉን ሰው ልብስ ሌላ ማን ይለብሳል? ካፖርቱን አወለቀ፣ እጁን ሽቅብ ዘረጋ፣ ገበዙና ሽማግሌው ከሁለት ወገን አነሱለት።

ጥሩሩ ደረቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ወደ ታችም አልወርድ፣ ወደ ላይም አልወጣ አለ። ዘበኛው ሁለት እጁን ወደ ሰማይ እንደዘረጋ፣ ፊቱ በብረት ተሸፍኖ ከውስጥ «ያዘኝ! አባ፣ ያዘኝ!» ይላል። ደጅ ቆመው ያዩ የነበሩ ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እኔም ሳቄን መያዝ አቃተኝ። በስንት መጎተት አወጣነው፤ ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ሽማግሌው አልሳቁም። «ዝገቱ ነው» አሉ። «ዝገት በልቶት ጠቦ ነው።»

«ብረት ሲያረጅ ይኮማተራል ይባላል» አለ ዘበኛው ጆሮውን እያሻሸ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ግን ልብስና ትከሻ ማስተያየት እንጀራዬ ነው። «ዝገት ብረትን ያሳሳዋል እንጂ አያሳጥረውም» አልኩ። «ቀለበቶቹ ደህና ናቸው፤ የተበጠሰም የለም። ይኼ ልብስ የለበሰውን ሰው ልክ ነው።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ድንክ ነበር ልትይ ነው? ቅድመ አያቴን? በቤቱ ቆመሽ?» ብለው ወጡ።

ገበዙ «ይኼን እንተወው ይሆን?» አሉኝ። ብርሃኑ ገና ጥሩ ነበር፤ ሥራዬንም ከፊሉን ጥዬ መሄድ አልወድም። «አይተውም፣ አባ። ትንሽ ይታገሡኝ» ብዬ ሽማግሌውን ተከትዬ ወጣሁ።

ሽማግሌው የግቢው ካብ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከካቡ ባሻገር የታጨደ የገብስ ማሳ አለ፤ ከማሳው ማዶ ካለው ገደል ሥር ጉም እየተነሳ ነው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ዓይናቸውን ከማሳው ሳያነሱ ጀመሩ።

«በልጅነቴ ጓደኞቼ ምን ይሉኝ እንደነበር ታውቂያለሽ? ከዝግባ ሥር እንጉዳይ በቀለ። ሚስት ሳገባ አማቶቼ አማላጁን ‘የዚያ ሰው ዘር ይኼ ነው?’ ብለው ጠይቀውታል፤ እኔ እየሰማሁ። ሽምግልና ስቀመጥ እንኳ መጀመሪያ ቁመቴን ነው የሚያዩት። ቢሆንም የእሱ ዘር ነኝ እያልኩ ቀና ብዬ ኖርኩ። አንቺ ደግሞ እሱንም አሳጠርሽብኝ።»

እሳቸው ቀጠሉ። «ከታች ወደ ላይ ሲያነሱት ሰው ግንብ ያክላል ይባላል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው። አጫጭር ሙሽሮችን እንደዚያ አነሳለሁ።»

«እንግዲያው እሱንም እንደዚያ አድርጊልኝ። በእንጨቱ ላይ ስቀይና ከታች አንሺው።»

«እችላለሁ፣ አባባ። ነገር ግን ነገ ይኼ ልብስ ቢሰረቅና ገበያ ላይ ቢገኝ፣ ዳኛው ፎቶውን ያይና ‘የእናንተ ትልቅ ነው፣ ይኼ ትንሽ ነው፤ የእናንተ አይደለም’ ይላችኋል። ያን ጊዜ ቁመቱም ልብሱም ይጠፋል።»

ይኼን ሲሰሙ ዞር ብለው አዩኝ። ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየኋቸው። ጋቢያቸው ወደ ኋላ ወርዶ ስለነበር ትከሻቸው ወጥቶ ታየኝ። አጭር ናቸው እንጂ ቀጭን አልነበሩም። ደረታቸው ሰፊ፣ አንገታቸው ወፍራም፣ ክንዳቸው ከቁመታቸው ጋር ሲነጻጸር ረዘም ያለ ነው። ዓይኔ ለካቸው። አጎቴ «ዓይንሽ ካመነ እጅሽ አይጠራጠር» ይለኝ ነበርና አልተጠራጠርኩም።

«አባባ፣ እርስዎ ይልበሱት።»

«እኔ?»

«እርስዎ። ልክዎ ነው።»

«በአዛውንትነቴ መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?»

«ከሳቁ ፊልሙን አውጥቼ ፀሐይ ላይ እዘረጋዋለሁ። አንድም ሰው አያየውም። ቃሌ ነው።»

ከካቡ ለመነሳት ጊዜ ወሰደባቸው። ሲነሱ ግን ቀድመውኝ ነበር የሄዱት።

ቤት ውስጥ ጋቢያቸውን ለዘበኛው ሰጡ፣ ኮታቸውን አወለቁ። በሩ ላይ ሰው ተደርድሯል፤ አሁን የሚስቅ የለም። ገበዙ አማትበው ጥሩሩን አነሱ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ዘረጉ። ብረቱ በራሳቸው ላይ ገባ፣ ትከሻቸው ጋ አፍታ እንኳ ሳይዝ ሽርርር ብሎ ወረደ። ጫፉ ጉልበታቸው ላይ፣ እጅጌው ክርናቸው ላይ ቆመ። አንገቱ ተስተካክሎ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊ ለክቶ የሰፋላቸው ያህል ነበር።

«በልክዎ የተሠራ ነው እኮ» አለ ዘበኛው ቀስ ብሎ።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ። ክንዳቸውን አጠፉ፣ ዘረጉ። አንድ እርምጃ ሄዱ፣ ተመለሱ። ብረቱ አብሯቸው ይሄዳል። ደረታቸውን ዳበሱና «ከባድ ነው» አሉ። «ይኼን ለብሶ ነው የሮጠው? በኔ ቁመት? ጉልበቱ የት ነበር?»

ገበዙ ሲጠብቁት የቆዩት ቃል የደረሰ ይመስል ፈገግ አሉ። «ጎልያድም ጥሩር ለብሶ፣ ቁር ደፍቶ ነበር የወጣው። ማን ጣለው? ዳዊት ስንት ክንድ ነበር? አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜህን ሙሉ የተጣላኸው ከቅዱስ መጽሐፍ ጋር ነው።»

ያን ጊዜ ሁሉም ሳቀ፤ ሽማግሌውም ጭምር። እኔ ግን ወደ ካሜራዬ ተመልሼ ነበር። ጉሙ እየወጣ ስለነበር መስኮቱ እየደበዘዘ ነው። «አባባ፣ እዚህ ይቁሙ። ፊትዎን ወደ መስኮቱ። ጦሩን በቀኝ እጅዎ» አልኩ። ጦሩን አጠገባቸው ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው፤ የጥሩሩን ልክ ማንም አይቶ እንዲያውቀው። ማቆሚያውን አላሳጠርኩም፣ አላስረዘምኩም፤ ሌንሱን ከዓይናቸው እኩል አደረግሁ። ለሰው ሁሉ «ቀና ይበሉ» እላለሁ። ለእሳቸው ማለት አላስፈለገኝም።

የመጀመሪያውን እንዳነሳሁ ጉሙ መስኮቱን ሞላው። ሰዉ «በቃ፣ አለቀ» ብሎ ሊበተን ሲል «ይቆዩ፣ ይመለሳል» አልኩ። ሽማግሌው ያን ሁሉ ብረት ተሸክመው ሳይነቃነቁ ጠበቁ። «ልቀመጥ» አላሉም። ጉሙ ሲሳሳ ቆርቆሮው በራ፤ በደረታቸው ላይ ቀለበቶቹ አንድ በአንድ ተለዩ። በካሜራው የቀረውን ፊልም ሁሉ በእሳቸው ላይ ጨረስኩት።

ፊልሙን የማሳጥበው ደብረ ብርሃን ነበር። ሌላ ጊዜ ለሹፌር እሰጥና በሳምንቱ ይመጣልኛል። ይኼን ግን ለማንም አላምንም ብዬ ራሴ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወሰድኩት፤ እስኪታጠብም እዚያው ጠበቅሁ። ነጌቲቩን ወደ አምፖሉ አንስቼ ሳየው ሳይታተም ገና አወቅሁት። ከዚያ በፊት በሠራሁት ሁሉ እኮራ ነበር። በዚህ ግን ኩራቱ ሌላ ነበር። ፎቶ ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰውዬ «ይኼ ማነው?» ሲለኝ «የመንዝ ጦረኛ ነው» አልኩት፤ ሰውዬው አመነኝ።

ቤተ መዘክሩ የተመረቀው በንግሥ ቀን ነው። ታቦቱ ከገባ በኋላ ሕዝቡ ወደዚያች አንድ ክፍል ግር አለ። ጥሩሩ ራሱ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ታጥፏል፤ ከበላዩ ትልቁ ፎቶ ተሰቅሏል። ሁሉም አልተደሰተም። ከዘመዶቻቸው አንድ ሰው ጥግ ይዞኝ «የአገሩን ግዙፍ በአንድ ቀን አሳነስሽው» አለኝ። «የለካሁት እኔ አይደለሁም፤ ልብሱ ነው» አልኩት። አልተዋጠለትም።

የሽማግሌው ታላቅ እህት መነኩሲት ናቸው። ከገዳማቸው ለበዓሉ መጥተው በሰው ተደግፈው ገቡ። ዓይናቸው ስለደከመ ፎቶው ሥር ድረስ ተጠግተው ብዙ ቆሙ።

«እቴቴ፣ ማን እንደሆነ አወቅሽ?» አሏቸው ሽማግሌው ከኋላ።

«አባታችን መስሎኝ» አሉ መነኩሲቷ ሳይዞሩ። «እንዲህ ነበር የሚቆመው። እሱ ሲሞት አንተ ልጅ ስለነበርክ አታስታውሰውም።»

ሽማግሌው ወደ ደጅ ወጥተው ጥዱ ሥር ቆዩ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ ግን እንግዳ ሲገባ ቀድመው ተነስተው ጥሩሩን የሚያሳዩት፣ የሚያስረዱትም እሳቸው ሆኑ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ሰፋ። የዘመሮ ሰዎች ላኩብኝ፣ ቀጥሎ የግሼዎቹ። ራቤል አካባቢ አንድ ደብር ጋሻና ጎራዴ ላነሳ ሄጄ፣ ዕቃውን እስኪያወጡልኝ ከአንድ መምህር ጋር ወግ ይዘን ነበር። መምህሩ ስለ መንዙ ጦረኛ ነገሩኝ። ከሁሉ ያጠረ ሰው ነበር አሉ፤ እንዲያውም በፈረስ ሆድ ሥር ያልፍ ነበር። ጠላት ሲወረውር ጦሩ ሁሉ በራሱ ላይ ያልፋል፤ ሊመታው የቻለ የለም።

«ይኼን ማን ነገረዎት?» አልኳቸው።

«አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከጥንት ጀምሮ የሚነገር ነው» አሉ።

አላረምኳቸውም። ካህናቱ ጋሻዎቹን ይዘው ሲመጡ ፀሐይዋ በምሥራቁ መስኮት ገብታ ነበርና «እዚህ ጋ፣ አባ፣ ወደ ብርሃኑ» ብዬ ሥራዬን ጀመርኩ።